ደቦ ያስተኛው ወገብ

በእኛ ጊዜ ወገብ በሽታ አልነበረም፤ ወገብ መታጠቂያ ነበር። ሰው ራሱን ያመዋል፣ ሆዱን ያመዋል፣ ወባ ይይዘዋል፤ ወገቤን ያለ ወንድ ግን «ምነው፣ ልትወልድ ነው እንዴ?» ይባል ነበር። እና ዝም ነው። ዝም ብሎ ማረስ ነው። ዝም ማለት ያቃተው ደግሞ ይተኛል። መሃል የለውም፣ ሰማሽ? ወይ ያርሳል ወይ ይተኛል። የተኛ እንደሆነ ወጌሻ ይመጣል፣ በቅቤ ይታሻል፣ ዋግምት ይደረግለታል፣ «እንዳትነቃነቅ!» ይባላል፣ እሱም አይነቃነቅም። ጎረቤታችን አያ ደባሽ፣ አንቺ አልደረስሽበትም፣ አንድ ክረምት ሙሉ ቁርበት ላይ ተዘርግቶ ከርሞ ሲነሳ እግሩ የዶሮ እግር አክሎ ነበር። ከዚያ ወዲያ እርፍ አልጨበጠም። መሬቱን በእኩል ለሌላ ሰው ሰጡበት፤ ሌላው ያርሳል፣ እህሉን ይካፈላሉ። እሱም ደጁ ላይ ተቀምጦ የሰው በሬ በገዛ መሬቱ ላይ ሲመላለስ እያየ አረጀ። እኔ ከሞት ይልቅ የምፈራው ይሄን ነበር። ሞትማ ለሁሉም ነው።

ምን ያስቅሻል? ጻፊ። መምህርሽ ከአፍ እንደወጣ ጻፉ ብሏችሁ የለ? እንግዲያው ከአፌ እንደወጣ ጻፊ።

ታዲያ ካቻምና የካቲት ነው፣ የእርከን ሥራ ላይ። አገሩ በሙሉ ተራራ ላይ ወጥቶ ድንጋይ ይክባል። እኔ በዕድሜዬ ብቀር ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ግን ወጣሁ። ልጆቹ ምን አሉኝ መሰለሽ? «አያ ወልዱ፣ እርስዎ ጥላው ሥር አረፍ ይበሉና ይመርቁን።» ይመርቁን! ልጄ፣ ሰው መርቁን ሲልሽ አርጅተሻል ማለቱ ነው። እና ብድግ አልኩ፣ ድንጋይ መረጥኩ። ትልቅ ድንጋይ እንዳይመስልሽ፤ አንዲት ጠቦት ብታክል ነው። እግሬን ግትር አድርጌ፣ እጄን ዘርግቼ፣ ጎንበስ ብዬ አነሳሁት። ማንሳቱንስ አነሳሁት! ግን እያነሳሁ ዞር አልኩ፤ ልጆቹ እያዩኝ እንደሆነ ልይ ብዬ። ያን ጊዜ ወገቤ «ቀጭ!» አለ። ድንጋዩም ወደቀ፣ እኔም ወደቅኩ፣ መጀመሪያ የወደቀው ማን እንደሆነ እስከዛሬ ይከራከራሉ።

በቃሬዛ ተሸክመው ቤቴ አስገቡኝ። የእውነት ያመኝ ነበር፣ አልዋሽሽም። ሳስነጥስ እንኳ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ታዲያ አገር ሊጠይቀኝ መጣ። ሰው ታሞ ባዶ እጅ አይገባም፤ አንዷ ዳቦ ይዛ፣ አንዷ ጠላ ይዛ፣ አንዷ ማር ይዛ። ማር! ይሄን ነጩን ማራችንን ደህና ሰው ለእንግዳ ብሎ ነው የሚያስቀምጠው፣ እኔ ተኝቼ በማንኪያ። ቄሱም መጡ፣ ጸበል ረጩኝና «ንስሐህን አስበህበታል?» አሉኝ። በወገብ! «አባ፣ ያመመኝ እኮ ወገቤን ነው» ብላቸው «ሁሉም ከወገብ ይጀምራል» ብለውኝ ወጡ። አባትሽ ደግሞ ከጅዳ ደወለ። «አባዬ፣ ዲስክ ነው! እዚህ አብሮኝ የሚሠራ ሰው ዲስክ ሆኖ በጎማ ወንበር እየገፉት ነው። እንዳትነቃነቅ!» አለኝ። ከዚያ ወዲያ በሕልሜ ሁሉ በወንበር ሲገፉኝ ማየት ሆነ። እና አልተነቃነቅኩም።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው፣ አያትሽ ውጭ ነበረች፣ ውሃ ጠማኝ፣ ብጠራ የሚሰማኝ የለም። ቀስ ብዬ በጎኔ ተገለበጥኩ፣ እግሬን አወረድኩ፣ ቆምኩ። ቆምኩ እኮ! ግትር ብሎኛል እንጂ ያ እንደ ቢላ የሚወጋው የለም። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ፣ ውሃዬን ጠጣሁ፣ ደጅ ወጣሁ፣ ቁልቋሉ አጥር ጋ ደርሼ ፀሐይ ሞቅሁ። ተመስገን አልኩ። አሁን ሞፈሬን ጠራርቤ ላዘጋጅ እያልኩ ሳስብ፣ ከወደ ታች ዘፈን ሰማሁ። ሆ ይላሉ። ቀና ብዬ ባይ ስድስት ጥማድ በሬ ወደኔ መሬት እየወረደ ነው። ደቦ! ለኔ፣ ለታማሚው፣ ሊያርሱልኝ!

አያትሽ ከየት እንደመጣች አላውቅም፣ እየሮጠች፣ «አንተ! ግባ! ተኛ!»

«አሁን እኮ ተሻለኝ!»

«ዛሬ ነው የሚሻልህ? አገር ሊያርስልህ በወጣበት ቀን? እኔ ጠላ ጠምቄ፣ ሰው ለምኜ! አታዋርደኝ፣ ተኛ!»

ገፍታ አስተኛችኝ፤ ጋቢውን እስከ አፍንጫዬ። ይሄው እዚያ ማዶ ሆና ትስቃለች፣ ሐሰት ነው በያ! «አላደረግኩም» አትልም እኮ። እና ማምሻውን አርሰው ጨርሰው አንድ በአንድ እየገቡ «አይዞህ አያ ወልዱ»፣ «እግዜር ይማርህ አያ ወልዱ»። ኪሮስም ገባ፤ ኪሮስ መቀናጆዬ ነው፣ እኔ አንድ በሬ እሱ አንድ በሬ ይዘን አብረን እያጣመድን ስንት ዘመናችን። አቧራ ለብሶ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ «እንዴት ነህ?» አለኝ።

«ኧረ ተወኝ ኪሮስ» ብዬ አቃሰትኩ። ደህና አድርጌ ነው ያቃሰትኩት። እንዲያውም ትንሽ ሳላበዛው አልቀረሁም።

እስኪ አንቺ ፍረጅ፣ ከዚያ ወዲያ እንዴት ይነሳል? ዛሬ አርሰውልኝ ነገ ብቆም «ወልዱ ታምሜያለሁ ብሎ አሳረሰን» ነው የሚባለው። እና ሁለት ሳምንት ልቆይ አልኩ። ሁለት ሳምንቱ ሲሞላ ለሁለተኛው እርሻ መጡ! እንደገና ሁለት ሳምንት። ታዲያ መጀመሪያ ያመመኝ ወገቤ ብቻ ነበር፤ ስተኛ ስተኛ ጉልበቴም፣ ትከሻዬም፣ ዳሌዬም አመመኝ። ጭኔን ብነካው የኔ አይመስልም፣ ተመጥጦ ያለቀ ሸንኮራ። ሰው በሌለበት ለመቆም ስሞክር አሁን በእውነት ይንቀጠቀጥ ጀመር። አየሽ? ስዋሽ ስዋሽ ውሸቴ እውነት ሊሆን ደረሰ።

ይሄን ጊዜ ነው ኪሮስ መጥቶ አጠገቤ የተቀመጠው። «ወልዱ፣ እንግዲህ መሬትህ ጦሙን ከሚያድር በእኩል ልያዝልህ። ለግንቦት ሚካኤል ሽማግሌ ባለበት ቃላችንን እንጨርስ።» ያ አያ ደባሽ ዓይኔ ላይ መጣ። እንቢ በል አለኝ ልቤ። አፌ ግን «እሺ» አለ። እሺ!

አንቺ ያኔ ሰቆጣ ቤት ተከራይተሽ ስምንተኛ ክፍል ትማሪያለሽ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጫለሽ። ያኔ ድምፅ ነበረሽ እንዴ? እንግዳ ሲመጣ ጎተራ ኋላ ነበርሽ። ስም ሲጠይቁሽ ስምሽን ለጫማሽ ነበር የምትነግሪው። አትቆጪ፣ ከአፍ እንደወጣ ነው ተባብለናል። እና አንድ ቅዳሜ መጥተሽ በጆሮዬ «አባባ፣ ሆስፒታሉ ረቡዕ ረቡዕ ወገባቸውን ለሚያማቸው ሰዎች ትምህርት ይሰጣል። እንሂድ?» አልሽኝ።

«ትምህርት? እኔ መርፌ ነው የምፈልገው!»

«እሺ… መርፌም ይኖር ይሆናል» አልሽ። ይሄን ዘዴ ማን አስተማረሽ?

ታዲያ እንዴት ልሂድ? የተኛ ሰው በእግሩ አይሄድም። አራት ጎረምሳ በቃሬዛ ተሸክሞኝ እስከ መኪና መንገዱ። ዳገቱ ላይ ሲደርሱ ሲያለከልኩ፣ ላባቸው ፊቴ ላይ ሲንጠባጠብ፣ «አውርዱኝ፣ ልሂድ» ማለት ከጥርሴ ደርሶ ይመለሳል። አንዱ «አያ ወልዱ ታመው እንዲህ የከበዱ ደህና ሆነው ቢሆን እንዴት ልንሆን ነበር?» ይላል። ማሩ ነዋ፣ የኔ ልጅ! ማር በማንኪያ! ከዚያ ባጃጅ። ባጃጁን ተዪው። ያ ልጅ ጉድጓዱን አንድም ሳያስቀር ሁሉንም ጎበኘልኝ።

ሆስፒታሉ ግቢ አንድ ክፍል ውስጥ አግዳሚ ላይ አሥር ያህል ሰው ተቀምጧል፣ ሁሉም እንደኔ ፊቱን አጨማድዶ። አንዲት ቀጭን ልጅ ነጭ ካፖርት ለብሳ ገባች። «ዶክተር» አልኳት። «ዶክተር አይደለሁም አባባ፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ» አለችኝ። ያን ስም ከምጠራ ዶክተር ማለቱን መረጥኩ። የሌላ አገር ልጅ ናት፣ የኛን ቋንቋ ኽምጣናን አትሰማም። «እስኪ ስንት ስንት ቀን ተኛችሁ?» ብላ ጠየቀችን። ያኔ ፉክክሩን ማየት ነበር! አንዱ «ሃያ ቀን!» ሌላው «ወር!» ጎንበስ ያለ ሰውዬ «ወር ከሳምንት!» እኔ ተነሥቼ፣ ማለቴ በተቀመጥኩበት ደረቴን ነፍቼ፣ «ሁለት ወር!» አልኩ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። አንደኛ ወጣሁ ብዬ ነው።

«አባባ፣ በሬ አለዎት?» አለችኝ።

«አለኝ።»

«ሁለት ወር በረት ታስሮ የከረመ በሬ ዛሬ ቢጠመድ ምን ይሆናል?»

«ይወድቃላ።»

«እርስዎስ?»

በትምህርት ቤት አንደኛ የወጣ ሰው እንዲህ አይደረግም አይደል?

እና እንዲህ አለች፦ አንድ ሁለት ቀን አረፍ ማለት አይከፋም፣ ከዚያ በላይ መተኛት ግን ወገብን አያድነውም፣ ያደክመዋል እንጂ። ሕመም ማለት ስብራት ማለት አይደለም፤ ቢያምም እየተንቀሳቀሱ ቀስ በቀስ ነው የሚድነው፤ ብዙው ሰው በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል። አጠገቤ ሐጂ የሚሏቸው የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፣ ከሱቃቸው ሳጥን ላይ ቀኑን ሙሉ የማይነሱ። «እኔ ድንጋይ አላነሳሁ፣ አላረስኩ፣ ቁጭ ብዬ ምን አመመኝ?» አሉ። «ቁጭ ብለው ነዋ ሐጂ! ደንበኛ በሸኙ ቁጥር እስከ በሩ ይሸኙ» አለቻቸው። «ልጄ፣ ለአንድ ክር ገዢ እስከ በሩ ብሸኝ ነገ እስከ ቤቴ ይለኛል!» አሉና አሳቁን። ደግሞ «ቢያንስ ራጅ አንሺን» አሏት። እሷም ለብዙው ሰው ራጅ አያስፈልገውም አለች። ግን እዚህ ላይ ፊቷን ኮስተር አደረገች፤ ይሄን አስምሪበት። «ሽንት መቆጣጠር ያቃተው፣ ጭንና ጭኑ መሃል የደነዘዘው፣ እግሩ የከዳው፣ ከሕመሙ ጋር ትኩሳት ያለው፣ ክፉ ወድቆ የጀመረው ካለ፣ እሱ ቤት አይተኛም፣ ወጌሻም አይጠራም፣ በዚያው ቀን እኛ ጋ ይመጣል።» እያንዳንዳችንን እየዞረች ጠየቀችን።

ከዚያ ካርቶን አመጣችና «ያን ድንጋይ እንዴት እንዳነሱት ያሳዩኝ» አለችኝ። ጎንበስ ልል ስል «በቃ፣ በቃ፣ ገባኝ!» ብላ ያዘችኝ። «ድንጋዩን ሲያነሱ ወዴት ነበር የሚያዩት?» ማን ነገራት? ጉልበትን አጥፎ፣ ተጠግቶ፣ ሆድ ላይ እንደ ሕፃን አቅፎ መነሳት ነው አለች፤ መዞር ሲያስፈልግ በእግር መዞር እንጂ ወገብን መጠምዘዝ የለም።

ታዲያ በሌላ ጎኔ ከዚሁ ከኛው ዝቋላ በኩል የመጣች አንዲት እናት ነበረች፣ ውሃ በጀርባዋ ስትሸከም የኖረች፣ አማርኛ የማትሰማ። ሐኪሟ አናገረቻት፣ እሷ እኛን ታያለች። «ኽምጣና የሚችል አለ?» አለች ሐኪሟ። ሁሉም የሚችለው እየተያየ ሳለ፣ አንቺ፣ የኔዋ ጎተራ ኋላ፣ ብድግ አልሽ። «እ… እኔ» አልሽ፣ ቅርጫት የተደፋባት ጫጩት ነበር የምትመስይው። ሴትዮዋ ተናገረች፣ አንቺ መለስሽ። ሐኪሟ ተናገረች፣ አንቺ መለስሽ። ቀስ በቀስ ድምፅሽ ወጣ። ሴትዮዋ «ሙሉውን ጀሪካን እሸከማለሁ» ስትል ሐኪሟ «በግማሽ በግማሽ፣ ሁለቴ» አለቻት፤ «ሁለቴ የምትሄድልኝ አንቺ ነሽ?» ብላ መለሰችላት፤ ያንንም ሳትፈሪ ተረጎምሽው! ሐኪሟም ስቃ «እውነትሽን ነው፤ ታዲያ አንዱን ጀሪካን ለባለቤትሽ ስጪው» አለች። ልቤ ሞቀ። ልጄ አፍ አወጣች አልኩ።

አፍ ማውጣትሽን አልጠላሁም፣ ጊዜውን ነው እንጂ! ሴትዮዋ ወደኔ ዞር ብላ በኽምጣና «ሁለት ወር ሙሉ እንዴት ቻሉት?» አለችኝ። እኔም በኽምጣና፣ ሐኪሟ አትሰማም ብዬ፣ በሹክሹክታ፣ «እቴ፣ የታመምኩትስ ሦስት ሳምንት ነው። የቀረውን የተኛሁት አፍሬ ነው። በደቦ ያረሰልኝ ሰው ፊት ምን ብዬ ቆሜ ልሂድ?» አልኳት።

አንቺስ? አንቺማ ሞቆሻል! ጮክ ብለሽ በአማርኛ፣ «የታመምኩት ሦስት ሳምንት ነው፤ የቀረውን የተኛሁት አፍሬ ነው፤ በደቦ ያረሰልኝ ሰው ፊት ምን ብዬ ቆሜ ልሂድ ትላለች» አልሽ።

ሐኪሟ ሴትዮዋን እያየች «ውይ እናቴ፣ በደቦ አርሰውልሽ ነው?» ስትል ያን ጊዜ ነቃሽ። አፍሽን በእጅሽ ይዘሽ «እሷ አይደለችም… አባባ ነው» አልሽ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር! ሐጂ ሳቃቸው መጥቶ ወገባቸውን ይዘው «ወላሂ ሳቅም ያማል» ይላሉ፤ ያ የወር ከሳምንቱ ሰውዬ «አንደኝነቱ ለኔ ይመለስ!» ይላል።

ሐኪሟ ብቻ አልሳቀችም። አጠገቤ መጥታ ቁጢጥ አለችና «አባባ፣ ማፈርዎ አያስቅም። አሁን የሚይዝዎት ግን ሕመሙ ሳይሆን አልጋው ነው። ዛሬ ካልተነሱ ነገ መነሳት ቢፈልጉም እግርዎ እሺ አይልም» አለችኝ።

«ልጄ፣ ልነሳስ ብል አገሬ ምን ይለኛል? ይልቅ ወረቀት ጻፊልኝ።»

«የምን ወረቀት?»

«በእግሩ ይሂድ የሚል። ታዝዞ ነው እንዲባል።»

ጻፈችልኝ። በየቀኑ በእግራቸው ይሂዱ፣ ቀላል ሥራ ይሥሩ፣ ቀስ እያሉ ይጨምሩ ብላ።

«ማህተም አድርጊበት።»

«አባባ፣ ለመራመድ ማህተም አያስፈልግም እኮ!»

«ለኛ አገር ያስፈልጋል። ያለ ማህተም ከባጃጁ አልወርድም።»

ያን ጊዜ እሷም ሳቀች። ሄዳ አስመታችልኝ።

ታዲያ ስንመለስ ጎረምሶቹ ቃሬዛቸውን ይዘው መንገድ ዳር ይጠብቃሉ። «ታዝዣለሁ» ብዬ ወረቀቱን አሳየኋቸውና ከዘራዬን ይዤ፣ በየመሃሉ እያረፍኩ፣ በእግሬ ቀጠልኩ። እነሱ ባዶውን ቃሬዛ ይዘው ከኋላ ቀርተዋል። ማዶ ያሉት ሴቶች ባዶ ቃሬዛ ሲያዩ «ዋይ ወልዱ!» ብለው ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። «ኧረ አለሁ! ከፊት ነው ያለሁት!» ብዬ እስክጮህ ድረስ። በወገቤ ምክንያት የራሴን ለቅሶ የሰማሁ ሰው ነኝ እኔ።

ከዚያ በየቀኑ ሄድኩ። መጀመሪያ እስከ አጥሩ፣ ከዚያ እስከ ምንጩ፣ ከዚያ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ። አመመኝ? አመመኝ። ግን እንደነገረችኝ፣ ማታ ያመመኝ ጠዋት ይለቀኛል።

ግንቦት ሚካኤል ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ግራሩ ሥር ተቀምጠዋል፣ ኪሮስ መጥቷል፣ መሬቴ በእኩል ሊሰጥ ነው። አንቺ ወረቀቱን ይዘሽ ቆምሽ፤ በሰው ፊት፣ ወንድ በወንድ በሆነበት፣ አንድ ፊደል ሳትስቺ አነበብሽው። «ማህተሙም ይኸው» ብለሽ አዙረሽ አሳየሽ። እኔም «እንግዲህ ሐኪም አዝዞኛል፣ መሬቴን ራሴ ነኝ የማርሰው፤ የደቦውን ውለታ ግን…» ብዬ ሳልጨርስ ኪሮስ ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሰ።

«እሰይ! ተመስገን! አንተ ሰው፣ ገደልከኝ እኮ!»

«ምን አደረግኩህ?»

«ከመጀመሪያው ደቦ ቀን ጀምሮ እናውቃለን! ስንወርድ ራስህ ከቁልቋሉ በላይ ይታይ ነበር። አንተ ረጅም፣ ቁልቋልህ አጭር!»

«ታዲያ አትነግረኝም?»

«ምን ልበልህ? ተነሳ ብልህ አስመሳይ ማለቴ ነው። ዝም ብልህ አልጋ ላይ ልትበሰብስ ነው። መሬትህን በእኩል ልውሰድ ብለው ተናዶ ይነሳል ብዬ መጣሁ። አንተ እሺ አልከኝ! ማን እሺ በል አለህ? የራሴን መሬትስ መች ቻልኩት፣ እኔንም እኮ ወገቤን ያመኛል!»

ሽማግሌዎቹ ተያዩና፣ ከመሃላቸው ሁለቱ «እኛስ፣ ወገባችንን አያመንም?» አሉ።

አየሽ ልጄ፣ እኔ ከነሱ ስደበቅ፣ እነሱ ያዩኝን ከኔ ሲደብቁ፣ መሃል ቤት ወገቤ በከንቱ ተቀጣ። ያስተኛኝ ይሉኝታ ነው። እሱን ደግሞ ራጅም አያሳየው። ሰኔ ላይ ዘሩን ማን እንደበተነው አንቺው አይተሻል፣ አሥር ፈር እኔ፣ አሥር ፈር ኪሮስ፣ እየተቀባበልን።

ከዚያ በፊት ግን፣ ከሚካኤል ማግስት ባለው ረቡዕ፣ ኪሮስን ይዤው ሄድኩ። እስከ ባጃጁ በእግራችን፣ እሱ ወገቡን ይዞ፣ እኔ እሱን ይዤ። ያች ልጅ አየችኝና «ደግሞ ምን ሆኑ አባባ?» አለች።

«እኔ ደህና ነኝ፣ ሰው አምጥቼልሽ ነው።»

ኪሮስን አግዳሚው ላይ አስቀመጠችውና እንደ ልማዷ «እርስዎስ አባባ፣ ስንት ቀን ተኙ?» አለችው።

ኪሮስ ዞሮ አየኝ፣ አስተያየቱን ብታዪው!

«እኔማ የሱን መሬት ሳርስ መች ተኛሁ!»